ሲድኒ፤ የወደቡ ዳርቻና ነዋሪዎቹ

በአውስትራሊያ ምሥራቃዊ ጠረፍ የሚገኘውን የሲድኒን ወደብ ለማየት የሚሄድ አገር ጎብኚ ጉብኝቱን አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ሰርኩላር ኪ ከተባለው የጀልባዎች መነሻ ነው። ከፍ ብሎ ከተሠራው የባቡር ጣቢያ ላይ ቆሞ ፊቱን ወደ ሰሜን ሲመልስ፣ በግራው ታላቁ የብረት ድልድይ እንደ ቀስት ተወጥሮ፣ በቀኙ የኦፔራ ቤቱ ነጫጭ ጣሪያዎች ነፋስ እንደሞላቸው ሸራዎች ተነፍተው፣ በመካከሉም አረንጓዴና ቢጫ የተቀቡ ማመላለሻ ጀልባዎች ውሃውን እየሰነጠቁ ሲወጡና ሲገቡ ያያል። ከድልድዩ እግር ሥር ሮክስ የሚባለው አሮጌ ሠፈር የድንጋይ ቤቶቹን፣ ጠባብ መተላለፊያዎቹንና መጠጥ ቤቶቹን ይዞ ተቀምጧል። ፎቶግራፍ ለማንሣት ከዚህ የተሻለ ቦታ በዓለም ላይ ብዙ አይገኝም፤ ብዙውም ጎብኚ ፎቶግራፉን አንሥቶ፣ ወደ ማንሊ የምትሄደውን ጀልባ ተሳፍሮ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል የባሕር ነፋስ ተቀብሎ ይመለሳል።

በዚህ ትዕይንት ውስጥ በተፈጥሮ እንደነበረ የቀረው ውሃው ብቻ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ጎብኚው የቆመበት ዳርቻ ራሱ በሰው እጅ የተሠራ ነው። የዳርቻው ታሪክ በተመረመረ ቁጥር ደግሞ አንድ ነገር ደጋግሞ ያጋጥማል፤ ይኸውም የሠሩት፣ የኖሩበትና በመጨረሻም ከመፍረስ ያዳኑት ሰዎች በየዘመኑ ከዚያው ከዳርቻው እንዲነሡ መደረጋቸው ነው።

እንግሊዛውያን ከመምጣታቸው በፊት ሰርኩላር ኪ የሚገኝበት የባሕር ወሽመጥ ዋራኔ ይባል ነበር። ባላገሮቹ ከኢዮራ ወገን የሆኑት ጋዲጋሎች ሲሆኑ፣ ወደ ወሽመጡ የሚወርድ የንጹሕ ውሃ ጅረት ነበራቸው። ወንዶቹ ከዳር ቆመው ባለ ብዙ ጫፍ በሆነ ጦር ዓሣ ይወጋሉ፤ ሴቶቹ ከዛፍ ቅርፊት በተሠሩ ትንንሽ ታንኳዎች እየወጡ ከዛጎል በተቀረጸ መንጠቆ ያጠምዳሉ። በታንኳዋ ውስጥ በጭቃ መደብ ላይ እሳት ይነድዳል፤ የተያዘውም ዓሣ እዚያው ይጠበሳል። በልተው የጣሉት የዛጎል ልባስ በብዙ ትውልድ ዕድሜ በየዳርቻው እንደ ኮረብታ ተከምሮ ነበር። ይህ ክምር በኋላ ምን እንደደረሰበት እንመለስበታለን።

ጄምስ ኩክ በ1770 በዚህ ጠረፍ ሲያልፍ የወደቡን አፍ ከሩቅ አይቶ ፖርት ጃክሰን ብሎ ሰየመው እንጂ አልገባበትም። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።) የገባበት በጥር 1788 የመጣው አርተር ፊሊፕ ነው። ፊሊፕ ይመራቸው የነበሩት 11 መርከቦች ከ700 በላይ ግዞተኞችን፣ ጠባቂ ወታደሮችንና ባለሥልጣኖችን የጫኑ ነበሩ። እንዲሠፍሩበት የታዘዘው በስተደቡብ ባለው በቦታኒ የባሕር ወሽመጥ ነበር፤ ይሁን እንጂ ውሃው ለመርከብ የማያመች፣ መሬቱም ደካማ ሆኖ ስላገኘው ትቶት ወደ ሰሜን ቀዘፈ። በዋራኔ ትልልቅ መርከቦች እስከ ዳሩ ድረስ ለመጠጋት የሚችሉበት ጥልቅ ውሃና የሚጠጣ ጅረት አገኘ። ጥር 26 ቀን ሰንደቅ ዓላማ ተከለበትና በእንግሊዝ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር በሎርድ ሲድኒ ስም ጠራው። አገሩ ስም እንዳልነበረው ሁሉ!

በሚያዝያ 1789 ፈንጣጣ ገባ። በየወሽመጡና በየዋሻው ሬሳ ይገኝ ጀመር። ከነባሩ ሕዝብ ግማሽ ያህሉ እንዳለቀ ፊሊፕ ለመንግሥቱ ጽፏል። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር አገረ ገዥው ከነባሮቹ ጋር ለመግባባት የሚያስችል ሰው ቢያጣ፣ በማንሊ ዳርቻ ሁለት ሰዎች በኃይል ተይዘው እንዲመጡ አዘዘ። ከተያዙት አንዱ ቤኔሎንግ ነው። ቤኔሎንግ ቋንቋውን ተማረ፣ ልብሱን ለበሰ፣ በገበታው ቀረበ፤ ከዚያም በ1790 አመለጠ። በዚያው ዓመት መስከረም ፊሊፕ በማንሊ ዳርቻ በጦር ተወጋ፤ ግን አልሞተም። ከዚህ በኋላ በሁለቱ ወገኖች መካከል ዕርቅ የመሰለ ነገር ሆነና፣ ለቤኔሎንግ በወሽመጡ ምሥራቃዊ ጫፍ ላይ ትንሽ የጡብ ጎጆ ተሠራለት። ጫፉ እስከ ዛሬ ድረስ ቤኔሎንግ ፖይንት ይባላል። ዛሬ ኦፔራ ቤቱ የቆመው እዚህ ላይ ነው። ቤኔሎንግ በ1792 ፊሊፕን ተከትሎ ወደ ለንደን ሄደ፤ አብሮት የሄደው ወጣት እዚያው ሞቶ ተቀበረ፤ እርሱ በ1795 ተመልሶ በ1813 በአገሩ ሞተ።

ሚስቱ ባራንጋሩ ግን ከእርሱ የተለየች ሴት ነበረች። ዓሣ አጥማጅ ነበረች፤ ባሏ ከነጮቹ ጋር መወዳጀቱን አልወደደችለትም፤ በአገረ ገዥው ገበታ ላይ ስትቀርብም የእነርሱን ልብስ አልለብስም አለች። ዋትኪን ቴንች የተባለው የባሕር ኃይል መኮንን የመዘገበው አንድ ድርጊት አለ። አንድ ግዞተኛ ዳሪንጋ ከተባለች ሴት የዓሣ ማጥመጃ ዕቃ ይሰርቃል። ፊሊፕ የእንግሊዝን ፍትሕ ለማሳየት ብሎ ነባሮቹን ሰብስቦ በፊታቸው ሌባውን በጅራፍ አስገረፈው። ተመልካቾቹ ግን ፍትሕ ተደረገልን ብለው አልተደሰቱም፤ በጣም ቀፈፋቸው እንጂ። ዕቃዋን የተሰረቀችው ዳሪንጋ አለቀሰች። ባራንጋሩ ደግሞ በቁጣ በግና ዱላ አንሥታ ገራፊውን ልትመታ ተነሣች። ማን አረመኔ ማን ሥልጡን እንደነበረ ለማሳየት ከዚህ ትዕይንት የተሻለ ድርሰት ቢፈለግ አይገኝም፤ መዝጋቢውም ራሱ ከገራፊዎቹ ወገን መሆኑን ልብ ይሏል። ባራንጋሩ በ1791 ሞተች። ሬሳዋ የዓሣ ማጥመጃ ዕቃዋ አብሯት ተደርጎ በአገሯ ሥርዓት ተቃጠለ፤ አመድዋንም ቤኔሎንግ በአገረ ገዥው የአትክልት ቦታ አኖረው።

የዛጎሉ ክምርስ? በአካባቢው ለኖራ የሚሆን ድንጋይ ስላልነበረ ሠፋሪዎቹ ዛጎሉን እየዛቁ አቃጠሉት፤ ኖራ አደረጉት። ቤኔሎንግ ፖይንት ለጊዜው የኖራ አቃጣዮች ጫፍ ተብሎ እስከ መጠራት ደርሶ ነበር። የነባሩ ሕዝብ የብዙ መቶ ዓመታት ማዕድ እንዲህ ሆኖ የመጀመሪያዎቹን የመንግሥት ቤቶች ግድግዳ አያያዘ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ግማሽ ምዕተ ዓመት የግዞተኞች ዘመን ነው። ግዞተኞቹ አብዛኞቹ በትንንሽ ስርቆት የተፈረደባቸው የእንግሊዝና የአየርላንድ ድሆች ነበሩ። ከመካከላቸው ሙያ ያለው ሲገኝ ከተማውን የሚያስጌጥ ሥራ ይሰጠው ነበር፤ በሐሰተኛ ሰነድ ተፈርዶበት በ1814 የመጣው አርክቴክት ፍራንሲስ ግሪንዌይ በቤኔሎንግ ፖይንት ላይ ምሽግ ሠርቷል። ሙያ የሌለው ድንጋይ ይፈልጣል። ሮክስን ለሁለት ከፍሎ የሚያልፈውን አርጋይል የተባለ የአለት መተላለፊያ በ1843 በመዶሻና በመሮ መቁረጥ የጀመሩት እግራቸው በሰንሰለት የታሰረ ግዞተኞች ናቸው፤ የተፈጸመው በ1859 በፈንጂ ኃይል ነው። ጎብኚው ዛሬ በዚያ ሲያልፍ የመሮዎቹን ምልክት በግድግዳው ላይ በእጁ ሊዳስስ ይችላል። ሰርኩላር ኪም ከ1837 እስከ 1844 ባለው ጊዜ ጭቃማው የወሽመጡ ራስ ተደልድሎ የተሠራ ሲሆን፣ ግዞተኞች ከሠሯቸው የመጨረሻ ታላላቅ ሥራዎች አንዱ ነው። ያ የመጠጥ ውሃ ይሰጥ የነበረው ጅረት በቆሻሻ ተበክሎ በኋላ ተከደነ፤ ዛሬም ከመንገዶቹ ሥር ባለ ቦይ ውስጥ ይፈሳል።

የሱፉን ንግድ፣ የወርቁን ግርግር በዚህ ማተት አያስፈልግም። ወደቡ ሀብታም ሆነ፤ ከወደቡ ጋር ተያይዘው የኖሩት መርከበኞች፣ ጫኝና አውራጆች፣ ልብስ አጣቢዎች በሮክስና በሚለርስ ፖይንት በተጣበቡ ቤቶች ተጨናነቁ። በጥር 1900 የአይጥ ቸነፈር በመርከብ ገባ። የመጀመሪያው ታማሚ በወደቡ የሚሠራ ጋሪ ነጂ ነበር። እስከ ነሐሴ 303 ሰዎች ታመው 103 ሞቱ። መንግሥት ሠፈሩን በአጥር ዘግቶ ሰው እንዳይወጣና እንዳይገባ ከለከለ፤ ቤቶችን አፈረሰ፣ በኖራ ቀባ፤ ቀጥሎም የሮክስንና የሚለርስ ፖይንትን መሬትና ቤት እንዲሁም የመርከብ ማራገፊያዎቹን በሙሉ ከግል ባለንብረቶች እጅ አውጥቶ በራሱ ይዞታ አደረገ። በሽታው ሰበብ፣ ወደቡን በአንድ አስተዳደር ሥር ማድረጉ ዋና ዓላማ ነበር የሚሉ የታሪክ ጸሐፊዎች አሉ። የሆነ ሆኖ ይህ እርምጃ በኋላ ለሚመጣው ነገር ሁሉ መሠረት ነው፤ የዳርቻው ወዝ አደር ከዚያ ወዲያ የመንግሥት ተከራይ ሆነ።

ተከራይነቱም ብዙ ደኅንነት አልሰጠውም። በ1923 ታላቁ ድልድይ ሲጀመር ለመዳረሻው ቦታ በሁለቱም ዳርቻ ወደ 800 የሚጠጉ ቤቶች ፈረሱ። ባለ ቤቶቹ ካሳ ሲያገኙ ተከራዮቹ ምንም ሳይከፈላቸው ወጡ። ሥራው ራሱ ግን የሚደነቅ ነው። ቅስቱ ከሁለቱ ዳርቻዎች በወፍራም የሽቦ ገመድ ወደ ኋላ እየተሳበ በባዶ አየር ላይ ተዘረጋ፤ በነሐሴ 1930 በውሃው አናት ላይ ሁለቱ ክንዶች ተገናኙ። ርዝመቱ 503 ሜትር ነው። ብረቱን ያያያዙት 6 ሚሊዮን ያህል ሪቬት የሚባሉ ችንካሮች ናቸው፤ አንዱ ሠራተኛ በእሳት አግሎ ይወረውራል፣ ሌላው በባልዲ ይቀልባል፣ ሦስተኛው ቀይ እንደሆነ ይመታዋል። 16 ሰዎች በሥራው ሞቱ። በየጫፉ የቆሙት አራት የድንጋይ ማማዎች ግን የድልድዩን ክብደት አይሸከሙም፤ ለዓይን ሲባል የተሠሩ ናቸው። ጎብኚው ሁልጊዜ ድልድዩን ተሸክመው የቆሙ ይመስሉታል።

ድልድዩ ሲሠራ የዓለም የኢኮኖሚ ቀውስ ከተማውን መታ። ከድልድዩ በስተምዕራብ፣ በሂክሰን ጎዳና ላይ የተደረደሩትን የመርከብ ማራገፊያዎች ሠራተኞቹ “የረሃብ ማይል” አሏቸው። ሥራ ፈላጊው ማለዳ ከአንዱ ማራገፊያ ወደ ሌላው እየተጓዘ ይሰለፋል፤ አለቃው በጣቱ እያመለከተ ጡንቻው የፈረጠመውንና አፉ ያልተከፈተውን ይመርጣል፤ የቀረው ነገም ይመለሳል። መጋቢት 19 ቀን 1932 ድልድዩ ሲመረቅ የክፍለ ግዛቱ ጠቅላይ ሚኒስትር፣ የሠራተኛው ፓርቲ ሰው ጃክ ላንግ፣ ሪባኑን ሊቆርጥ ሲዘጋጅ፣ ዲ ግሩት የተባለ የቀኝ አክራሪ ቡድን አባል የመኮንን ልብስ ለብሶ በፈረስ መጣና ሪባኑን ቀድሞ በጎራዴ ቀደደው። ሪባኑ ተቋጥሮ እንደገና ተቆረጠ። ድልድዩን የሠሩት ሰዎች በዚያ ክርክር ውስጥ ስማቸው አልተነሣም።

ከ6 ዓመት በኋላ በዚያው ወደብ ሌላ ትርኢት ታየ። ጥር 26 ቀን 1938 የእንግሊዛውያኑ ማረፍ 150ኛ ዓመት ሲከበር፣ የፊሊፕ መምጣት በውሃው ዳር እንደ ቴያትር እንዲቀርብ ታቀደ። የሲድኒ አቦርጂናሎች በዚህ ትርኢት አንሳተፍም አሉ። ስለዚህ ከክፍለ ግዛቱ ምዕራብ፣ ከሜኒንዲ፣ 25 ያህል ወንዶች ተጓጉዘው መጡ፤ እንዳይጠፉ፣ ከከተማው ታጋዮችም ጋር እንዳይገናኙ በሬድፈርን የፖሊስ ሠፈር ታጉረው ሰነበቱ፤ በዕለቱም ከባሕር ከወጡት ነጮች ፊት እንዲሸሹ ተደረገ። በግዞት የመጡት ሰዎች ደግሞ ከክብረ በዓሉ ጭራሽ ተሠረዙ፤ የከተማው ጌቶች የዘራቸው መነሻ በሰንሰለት እንዲታይ አልፈለጉምና። በዚያው ቀን ጃክ ፓተን፣ ዊልያም ፈርጉሰን፣ ዊልያም ኩፐርና ጓደኞቻቸው በከተማው ውስጥ በአንድ አዳራሽ ተሰብስበው ዕለቱን የሐዘን ቀን ብለው አወጁ። በአንድ ቀን፣ በአንድ ከተማ፣ አንዱ ተዋናይ በግድ የተሰጠውን ሚና ሲጫወት ሌላው የራሱን ቃል ተናገረ።

በቤኔሎንግ ፖይንት ላይ የኦፔራ ቤት የመሥራቱ ሐሳብ የመጣው ከጦርነቱ በኋላ ነው። የኦርኬስትራ መሪው ዩጂን ጉሰንስ ቦታውን መረጠ፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ጆ ካሂል ደገፈው። ለዓለም አቀፉ ውድድር 233 ንድፎች ቀረቡ፤ በ1957 ያሸነፈው የዴንማርኩ ዮርን ኡትሶን ነው። ኡትሶን የ38 ዓመት ሰው ነበር፤ አባቱ የመርከብ ንድፍ ባለሙያ ስለነበሩ ያደገው በመርከብ መሥሪያ አጠገብ ነው። ሲድኒን አይቶ አያውቅም፤ የወደቡን የባሕር ካርታ አጥንቶ ነው የነደፈው። ሠፊውን መሠረት በሜክሲኮ ካየው ከጥንቱ የማያ መድረክ ወሰደ። ጣሪያዎቹን እንዴት ማቆም እንደሚቻል ለዓመታት ከታሰበበት በኋላ፣ ሁሉም ከአንድ ሉል ገጽ እንደተቆረጡ ቁራጮች ቢሆኑ በፋብሪካ በተመሳሳይ ቅርጽ ለመሥራት እንደሚቻል ተደረሰበት። ከላይ የለበሱት ከ1 ሚሊዮን በላይ የሆኑ የሴራሚክ ንጣፎች ከስዊድን የመጡ ናቸው። ገንዘቡ በአብዛኛው ከሎተሪ ተገኘ፤ ስለዚህ ሕንጻውን የከፈለው ኦፔራ ገብቶ የማያውቀው ትኬት ቆራጭ ሕዝብ ነው ለማለት ይቻላል።

በዚህ ቤት የዘፈነው የመጀመሪያው ታላቅ ድምፃዊም ቤቱ ሳይሠራ ነው የዘፈነው። ኅዳር 9 ቀን 1960 አሜሪካዊው ጥቁር ድምፃዊና ተዋናይ ፖል ሮብሰን ወደ ግንባታው ቦታ መጣ። ለብዙ ዓመታት መንግሥቱ ፓስፖርቱን ነጥቆት የነበረ ሰው ነው። ሠራተኞቹ የምሳ እንጀራቸውን ይዘው በመወጣጫዎቹ ላይ ተቀመጡ፤ እርሱም ያለ መድረክና ያለ መጋረጃ በሲሚንቶው መካከል ቆሞ ዘፈነላቸው። የኦፔራ ቤቱ የቴያትር ታሪክ ሲጻፍ ከዚያ ቀን መጀመር ይገባዋል።

የቀረው ታሪክ የታወቀ ነው። በ1965 የመንግሥት ለውጥ ሆነ። አዲሱ የሕዝብ ሥራ ሚኒስትር ዴቪስ ሂውዝ የንድፉን ክፍያ ያዘ፤ በየካቲት 1966 ኡትሶን ሥራውን ለቀቀ። ሺህ ያህል ሰው በሰልፍ ወጥቶ ይመለስ አለ፤ አልተመለሰም። እስከ ሞተበት እስከ 2008 ድረስ ሕንጻውን ተፈጽሞ በዓይኑ አላየውም። የውስጡ ሥራ ለሌሎች ሲሰጥ፣ ለኦፔራና ለኮንሰርት ታስቦ የነበረው ትልቁ አዳራሽ ለኮንሰርት ብቻ ተደረገና የተሠራው የመድረክ መሣሪያ ተነቅሎ ተጣለ፤ ኦፔራው ወደ ትንሹ አዳራሽ ተገፋ። የቴያትር ሰው ይህን ሲሰማ ያዝናል። ኦፔራ ቤት ተብሎ በዓለም የታወቀው ሕንጻ በውስጡ በጣም የተጣበበው ኦፔራው ነው! በ7 ሚሊዮን ዶላር ያልቃል የተባለውም በ102 ሚሊዮን አለቀ።

ጥቅምት 20 ቀን 1973 ንግሥት ኤልሣቤጥ መርቀው ሲከፍቱት፣ አንድ አቦርጂናል ተዋናይ ከጣሪያው ጫፍ ላይ ቆሞ በቤኔሎንግ ስም ንግግር አሰማ። ኡትሶን አልነበረም። ከዚያ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ደግሞ የከተማው ደራሲ ፓትሪክ ኋይት የኖቤልን የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ማግኘቱ ተሰምቶ ነበር። ከወሽመጡ ማዶ፣ ከምረቃው ቦታ በእግር ጥቂት ደቂቃ በሚያስኬደው በሮክስ ግን በዚያው በጥቅምት ወር ሌላ ነገር ይካሄድ ነበር፤ ፖሊስ የሠፈሩን ሰዎችና የግንባታ ሠራተኞችን እየጎተተ ወደ መኪና ይጭን ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1968 በወጣ ሕግ መነሻነት በ1970 የተቋቋመ አንድ የመንግሥት ባለሥልጣን መሥሪያ ቤት አሮጌውን ሠፈር አብዛኛውን አፍርሶ በረጃጅም የቢሮ ሕንጻዎች ለመተካት ዕቅድ አወጣ። ነዋሪዎቹ ትውልዳቸው በዚያ የነበረ ጫኝና አውራጆች፣ መርከበኞችና ጡረተኞች ናቸው። በ1971 ኮሚቴ አቋቁመው የሚያመለክቱበት ሲያጡ፣ ወደ ግንባታ ሠራተኞች ማኅበር ሄዱ። የማኅበሩ ጸሐፊ ጃክ መንዲ፣ ሊቀ መንበሩም ቦብ ፕሪንግል ነበሩ። ማኅበሩ በዚያው ዓመት በወደቡ ሌላ ዳርቻ፣ በሃንተርስ ሂል፣ 13 ሴቶች ባቀረቡት ልመና አንድ የቀረ ጫካ እንዳይመነጠር አድርጎ ነበር። ኩባንያው በሌላ ሠራተኛ አሠራዋለሁ ሲል፣ በሰሜን ሲድኒ የዚያኑ ኩባንያ ፎቅ የሚሠሩት ሰዎች ተሰብስበው፣ አንድ ዛፍ ከተቆረጠ ይህ ግማሽ ሕንጻ ለጫካው መታሰቢያ እንዲሆን ለዘላለም ሳይፈጸም ይቀራል ብለው ወሰኑ። ጫካው ዛሬም አለ።

በ1973 “አረንጓዴ እገዳ” የሚለው ስም የተሰጠው ይህ ዘዴ ነው። ሕጉ ቀላል ነበር። የሠፈሩ ሕዝብ በይፋ ተሰብስቦ ካልጠየቀ ማኅበሩ አይገባም፤ ከጠየቀ ግን የማፍረሻ መሣሪያውን የሚያንቀሳቅስ ሰው አይገኝም። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ እነዚህ ሰዎች የሚተዉት የራሳቸውን እንጀራ መሆኑ ነው። ማፍረስም መሥራትም ደመወዝ ነው። ሠራተኛ ለደመወዝ ጭማሪ ወይም ለደኅንነት ሥራ ማቆሙ የተለመደ ሆኖ ሳለ፣ የሚሠራው ነገር ለማን እንደሚጠቅም ጠይቆ እጁን መሰብሰቡ ግን በዚያ ዘመን አሠሪዎችን ብቻ ሳይሆን ብዙ የማኅበር መሪዎችንም አስደንግጧል። ግንበኛ ስለ ቅርስ ምን ያውቃል እያሉ ጋዜጦች ተሳለቁ። ፓትሪክ ኋይት ግን አልተሳለቀም፤ በ1972 ሠፊው የሴንቴኒያል ፓርክ ለስፖርት ስታዲየም እንዳይወሰድ ከመንዲ ጋር በአንድ መድረክ ቆመ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ40 በላይ እገዳዎች ተጣሉ።

ሮክስን ለማፍረስ ከማኅበሩ ውጭ የሆኑ ሠራተኞች በጥቅምት 1973 በፕሌይፌር ጎዳና ሲሰማሩ፣ ነዋሪዎችና ግንበኞች ፍርስራሹ ላይ ተቀመጡ። መንዲ ራሱ በፖሊሶች እጅና እግሩ ተይዞ ተወሰደ። ቢሆንም እገዳው ጸና፤ በ1975 ዕቅዱ ተለወጠ። ክፍያ ግን ነበረው። በዚያው ዓመት የማኅበሩ አገር አቀፍ አመራር የሲድኒውን ቅርንጫፍ ወርሶ መሪዎቹን አባረረ። በኪንግስ ክሮስ በተመሳሳይ ትግል ውስጥ የነበረችው የጋዜጣ አሳታሚ ዋኒታ ኒልሰን በሐምሌ 1975 እንደ ወጣች ቀረች፤ አስከሬኗም አልተገኘም።

ዛሬ ጎብኚው የሚዞርባቸው የሮክስ መተላለፊያዎች፣ የሚቀመጥባቸው የድንጋይ ደረጃዎች፣ ቡና የሚጠጣባቸው አሮጌ መጋዘኖች የተረፉት በዚህ ምክንያት ነው። በአርጋይል መተላለፊያ አቅራቢያ በመንዲ ስም የተሰየመ ጎዳና አለ። ከቸነፈሩ በኋላ በዋልሽ ቤይ የተሠሩት የእንጨት ማራገፊያዎችም ሥራ ሲፈቱ አልፈረሱም፤ በ1984 የሲድኒ ቴያትር ኩባንያ ከነወለላቸውና ከነምሰሶአቸው ገባባቸው። ሱፍ ይከማችበት በነበረ አዳራሽ ተውኔት ማየት የዚህ ወደብ ከፍተኛ ጸጋ ነው።

መርከቦቹ ግን ሄደዋል። ከ1979 ጀምሮ ኮንቴይነር የሚያራግፉት በቦታኒ ወሽመጥ በተሠራው አዲስ ወደብ ነው፤ ፊሊፕ አይሆንም ብሎ ትቶት የሄደው ማለት ነው። የረሃብ ማይል መሬት ባዶ ሲቀር በ2006 ባራንጋሩ የሚል ስም ተሰጠው። በአንዱ ጫፍ ከራሱ ከቦታው በተፈለጠ ድንጋይ የጥንቱን ዳርቻ እንዲመስል ተደርጎ የተሠራ መናፈሻ በ2015 ተከፈተ፤ የሚወደድ ቦታ ነው። በሌላው ጫፍ 271 ሜትር የሚረዝም የሆቴልና የቁማር ቤት ሕንጻ በ2020 ተከፈተ። በአገረ ገዥው ገበታ ላይ እንግዳ ልብስ አልለብስም ያለችው ሴት ስም በቱሪስት ካርታ ላይ የቁማር ቤት አድራሻ ሆኗል።

ከሮክስ ትግል የተገኘ አንድ ሕንጻ ደግሞ ነበር። ሲሪየስ ይባላል፤ ከድልድዩ መዳረሻ ጎን በ1979 አካባቢ ከሲሚንቶ ሣጥኖች እንደ ደረጃ ተደራርቦ የተሠራ፣ 79 መኖሪያዎች ያሉት፣ ከሠፈሩ የሚነሡ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ነዋሪዎች ከወደቡ እንዳይርቁ ተብሎ የተሠራ የመንግሥት ቤት ነው። ብዙ ሰው መልኩን አልወደደለትም። በመጋቢት 2014 የክፍለ ግዛቱ መንግሥት በሚለርስ ፖይንት ያሉትን የመንግሥት ቤቶች ሁሉ፣ ሲሪየስንም ጨምሮ፣ ለመሸጥ መወሰኑን አስታወቀ። ነዋሪዎቹ አንድ በአንድ ወጡ። በ2016 የግንባታ ሠራተኞች ማኅበር እንደ ጥንቱ አረንጓዴ እገዳ ጣለ፤ አረጋዊው መንዲም በሰልፉ ተገኘ። በ2017 ፍርድ ቤት ሕንጻውን በቅርስነት አልመዘግብም ያለውን የመንግሥት ውሳኔ ሻረ። በ2019 በ150 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ፤ አልፈረሰም፤ ለባለጠጎች መኖሪያ ታደሰ። መንዲ በግንቦት 2020 ሞተ።

ከነዋሪዎቹ የመጨረሻዋ ዓይናቸው የደከመ አንዲት አሮጊት ነበሩ። የወጡት በ2018 መጀመሪያ ነው። እስከዚያ ድረስ በላይኛው ፎቅ በነበረው መስኮታቸው ላይ መርከበኞች በጭንቅ ጊዜ የሚያስተላልፉት የድረሱልን ምልክት በአምፖል ተጽፎ ሌሊት ሌሊት ይበራ ነበር፤ ድልድዩን በባቡርና በመኪና የሚሻገር ሁሉ ያየው ነበር።